ማንም የማይተኛበት ክፍል

«ከጎብኚዎቹ መሃል ሁልጊዜ አንድ የቢሮ ሰው አለ» አለች ሬዲዮ፣ ዓይኗን እንኳ ሳትገልጥ።

ሬዲዮ የምንላት የዶርም ጓደኛችንን ነው። ስም አላት፤ በስሟ የሚጠራት ግን ስም የሚቆጣጠረው መምህር ብቻ ነው። ወሬ ከማንም ቀድማ ትሰማለች፣ ከማንም አብልጣ ታሰራጫለች። ከእውነተኛው ሬዲዮ የምትለየው ማጥፊያ ስለሌላት ነው። ይህችን የቢሮ ሰው ወሬ ሳምንቱን ሙሉ ስትደግማት ሰንብታ፣ ሐሙስ ጠዋት እኔ ጫማዬን ሳስር እንደ አዲስ ጀመረችው።

«ወላጅ መስሎ ይገባል። ወይ ተማሪ መስሎ። አንቺ ስትለፈልፊ እሱ ዝም ብሎ ነጥብ ይሰጥሻል። ባለፈው ዓመት አንዷ አስጎብኚ በሆዷ ያለውን አውጥታ ተናገረችና በማግስቱ ባጇን ተቀበሏት።»

«አንዷ ማን?»

«አንዷ ናታ። ስሟን ብነግርሽ ታውቂያታለሽ?»

«አንቺንስ ማን ነገረሽ?»

«ሰው» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

አላመንኳትም። ግን ወሬ እስኪታመን ደጅ አይጠናም፤ ገብቶ ይቀመጣል። ፀጉሬን ለሁለተኛ ጊዜ አበጠርኩ።

ሥራው ይህ ነው። በየዓመቱ ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ አስራ ሁለተኛን የጨረሱ ልጆች የሚገቡበትን ከመምረጣቸው በፊት ግቢያችን በሩን ይከፍትላቸዋል። ከነወላጆቻቸው መጥተው ላይብረሪውን፣ ቤተ ሙከራውን፣ ካፌውን፣ ዶርሙን ያያሉ። የምናስጎበኛቸው እኛው ተማሪዎቹ ነን። ደመወዙ አልጋ ነው። ዶርም በእረፍቱ ሁለት ወር ይዘጋል፤ ግቢ ውስጥ ሥራ ያለው ብቻ ይቆያል። ለእኔ ከዚያ አልጋ የሚበልጥ ደመወዝ አልነበረም፤ ሌላው መሄጃዬ የአጎቴ ቤት ነውና።

የአጎቴ ቤት ክፉ ቤት አይደለም። ማንም አይመታኝም፣ ማንም ምግብ አይነፍገኝም። ብቻ እዚያ ቤት ስገባ ሁለት እጅ ሆኜ እቀራለሁ። ከስድስተኛ ክፍል ያስወጡኝም ለዚሁ ለእጄ ነው። ከሰባተኛ እስከ አስራ ሁለተኛ ያለውን የተማርኩት የአጎቴ ልጅ ከጣላቸው ደብተሮች ነው፤ እሱ የጻፈውን እያነበብኩ፣ የተሳሳተውን እያረምኩ፣ ድንች እየላጥኩ ቀመር እየሸመደድኩ። በግል ተፈትኜ አለፍኩ። እሱ ወደቀ። የአጎቴ ሚስት ይህን ይቅር ብላኝ አታውቅም፤ አፍ አውጥታም ተናግራው አታውቅም። ባለፈው እረፍት እዚያ ስልሳ ቀን ከርሜ መጽሐፍ የገለጥኩት አራት ጊዜ ነው። ዘንድሮ ደግሞ መንታ ወልዳለች፣ ሠራተኛዋም ጥላት ሄዳለች። «አንድ ዓመት ብታቋርጪ ምን ይቀርብሻል?» ማለት ከጀመረች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ያን ቤት አውቀዋለሁ። አንድ ዓመት ብሎ ነገር እዚያ የለም። ከገባሁ ገባሁ ነው።

አስተባባሪዋ ባጁን አንገቴ ላይ ስታጠልቅልኝ ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ «የዛሬው ሙከራ ነው። ሦስት ዙር ትወስጃለሽ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮ እንገናኝ።» ሃምሳ የሚጠጋት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ናት። አስራ አንድ ገጽ ጽሑፍ አስቀድማ ሰጥታኝ ነበር፤ በሁለት ቀን በቃሌ ያዝኩት። መሸምደድ የለመድኩት ሥራ ነው። የመጀመሪያው መስመር በቀይ ተሰምሮበታል፦ አስጎብኚ ለእንግዳ ጀርባውን አይሰጥም። ስለዚህ የምንሄደው ወደ ኋላ ነው፤ ፊታችን ወደ ሰዉ፣ ጀርባችን ወደ መንገዱ። በዶርሙ ኮሪደር ስለማመድ ሁለት ባልዲና አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ገልብጫለሁ።

የመጀመሪያው ዙር ሠላሳ አንድ ሰው ነበር። ዘበኛው በር ላይ ቆጥሮ አስረከበኝ፤ ስመለስም ያንኑ ያህል ቆጥሬ ማስረከብ አለብኝ። ገና አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ሳልሄድ ዓይኔ የቢሮውን ሰው መፈለግ ጀመረ። ሬዲዮን ረገምኳት፤ ዓይኔ ግን አልቆመም። አንድ ሽበታም ሰውዬ በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል። በቃ፣ ዙሩን በሰዓት እየለካብኝ ነው አልኩ። የሦስት ገጹን ታሪክ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። የግቢውን መሥራቾች እንደ ሸቀጥ ደረደርኳቸው፣ አንዱን ከሌላው ሳልለይ። ላይብረሪው ደጃፍ ላይ ሰውየው ጠጋ አለኝና «ልጄ፣ መኪናዬን የማይቆምበት ቦታ ነው ያቆምኳት፤ አንስተው ይወስዷት ይሆን?» አለኝ።

በሁለተኛው ዙር ጥቁር መነጽር ያደረገች፣ ዝም ብላ የምትከተል ሴትዮ አየሁ። ያለኝን ፈገግታ ሁሉ ለእሷ አፈሰስኩት። ሰው መሃል የምስቅ ሰው አይደለሁም፤ ጉንጬ እስኪደነዝዝ ሳቅኩላት። ቤተ ሙከራው ውስጥ ክንዴን ያዝ አድርጋ «የዓይን ሐኪሙ የትኛው በር ነው?» አለችኝ። ክሊኒኩ ከመንገዱ ማዶ ነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ ተራዋን እየጠበቀች መስሏት ነበር የተከተለችን።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ላይብረሪው ጀርባ ያለው ደረጃ ላይ ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። ድምፄ ሻክሯል። ወደ ኋላ መሄድ ሰው እንዳለው የማያውቀውን ጅማት ሁሉ ያሳውቃል፤ ባቴ ውስጥ አንዱ ብቻውን ይዘላል። ሬዲዮ ግማሽ ዳቦ ይዛልኝ መጣች። ዳቦውን ሳትሰጠኝ ወሬውን ሰጠችኝ።

«እስካሁን አልመጣም። የሚመጣው በመጨረሻው ዙር ነው። ሰው ሲደክመው ነው አፉ የሚያመልጠው፣ እነሱም ያውቁታል።»

«ጠዋት እኮ እንዲህ አላልሽም።»

«ጠዋት አልሰማሁማ።»

ስልኬ ጠራ። የአጎቴ ሚስት ናት። ላላነሳው ነበር፤ ካላነሳሁት ደግሞ እስከ ነገ ትደውላለች።

«ቅዳሜ ነው አይደል የምትመጪው?» አለች፣ ሰላምታውን ዘላ። ከኋላዋ ሁለቱም ሕፃናት በአንድ ድምፅ ያለቅሳሉ።

«እትዬ፣ ሥራ ሳላገኝ አልቀርም።»

«የምን ሥራ?»

«ሰው አስጎበኛለሁ።»

«ምኑን?»

«ግቢውን።»

«ግቢ ለማየት ሰው ምን መሪ ያስፈልገዋል፣ ዓይን የለውም?»

ለማንም መልስ የማላጣ ሰው ነኝ። ለእሷ ግን ሁሌም ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ነው የሚመጣልኝ። «ማታ እደውላለሁ» አልኩ።

«ለማታ ምን ይጨመራል? ክፍሉን አስጠርጌ ጠብቄሻለሁ። ከልጆቹ ጋር ነው የምትተኚው፣ ሌሊት ሲነሱ ላንቺም እንዲቀልሽ።» ዘጋችው።

ሬዲዮ ዳቦውን እጄ ላይ አስቀመጠች። ሁሉንም ሰምታለች፤ ስልኬ ድምፁ ጮክ ያለ ነው። «እንግዲህ በርቺ» አለች። «በመጨረሻው ዙር ከጽሑፉ አንዲት ቃል እንዳትስቺ።»

የመጨረሻው ዙር አስራ ዘጠኝ ሰው ብቻ ነበር። ከመሃላቸው ቡናማ ጃኬት የለበሰ፣ ልጅ ያላስከተለ፣ ደብተር የያዘ ሰው አለ። እርሳሱ በሁለቱም ጫፍ ተቀርጿል። ገና በሩ ላይ ቆመን የዛፎቹን ብዛት ሲጽፍ አየሁት። አገኘሁህ፣ አልኩ በልቤ።

ከዚያ በኋላ ለእሱ ብቻ አስጎበኘሁ። ሌላው ሰው ይስማ አይስማ ግድ አልነበረኝም። «ላይብረሪያችን ሰማንያ ሺህ መጻሕፍት አሉት» አልኩ ወደ ደብተሩ። አሉት፤ እኔ የምፈልገውን ግን እኔ ሳልወለድ አንድ መምህር ተውሶት እስካሁን አልመለሰም። እሱ ጻፈ። «ቤተ ሙከራችን በቀን ሁለት መቶ ተማሪ ያስተናግዳል።» ጻፈ። «ካፌያችን በአንድ ጊዜ ስድስት መቶ ሰው ይመገብበታል።» ጻፈ። የሰልፉን ርዝመት አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አነሳች። ብቻዋን ነው የመጣችው፤ ማስረጃዎቿን በላስቲክ ከረጢት ይዛ ደረቷ ላይ አጣብቃቸዋለች። ጫማዋ የእግሯ ልክ አይደለም፤ ስትራመድ ተረከዟ ላይ ጧ ጧ ይላል። ላይብረሪው ውስጥ አየኋት፣ አለፍኳት። ካፌው በር ላይ አየኋት፣ አለፍኳት። ቤተ ሙከራው ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ስታነሳ «ጥያቄ በመጨረሻ ነው፣ እህቴ» አልኳት። ድምፄን ሰማሁት። የአጎቴ ሚስት ድምፅ ነው፤ ቁርጥ እሷ። ልጅቷ እጇን አወረደች። አጠገቧ የነበረች ግራጫ ሹራብ የለበሰች ሴትዮ አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ እኔን አየች።

መጨረሻ ላይ ማሳያው ክፍል ደረስን። ማሳያው ክፍል የሴቶች ዶርም መግቢያ ላይ ነው፣ በግራ በኩል የመጀመሪያው በር። ሁለት አልጋ፣ ነጭ አንሶላ፣ መጋረጃ፣ የጠረጴዛ መብራት፣ የፕላስቲክ አበባ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ወፋፍራም መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ አንዱን ጠዋት ገልጬ አይቼዋለሁ፣ የመኪና መለዋወጫ ዝርዝር ነው። ቁልፉ አስተባባሪዋ ዘንድ ያድራል። ለጉብኝት ይከፈታል፣ ጉብኝቱ ሲያልቅ ይቆለፋል። በጽሑፉ ላይ እዚህ ክፍል ስንደርስ የምንለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ይህ ከክፍሎቻችን አንዱ ነው።» ውሸት አይደለም። ከክፍሎቻችን አንዱ ነው። ጠዋት አልኩት፣ ረፋዱ ላይ አልኩት፤ ምንም አልከበደኝም።

ሰዉ ገብቶ አልጋውን ይነካካል፣ መጋረጃውን ይገልጣል። የላስቲክ ከረጢቷ ልጅ ግን ቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። መዳፏን ዘርግታ አሳረፈችበት፣ ጨርቅ እንደሚለካ ሰው። መብራቱን አበራችው፣ አጠፋችው። እንደገና አበራችው።

«እህቴ፣ አሁን ልጠይቅ?»

«ጠይቂ።»

«እኔ ትምህርት ቤት አልጨረስኩም፣ በግል ነው የተፈተንኩት። ቤታችን አጠገብ የጤና ኮሌጅ አለ፤ ተቀብለውኛል። እስከ ሰኞ መልስሽን አምጪ ብለውኛል። እዚያ ከገባሁ ከቤት ነው የምመላለሰው። ቤት ደግሞ...» ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገችው። ያን ትከሻ ማንም ሊተረጉምልኝ አያስፈልግም። «እንዲህ ያለ ጠረጴዛና እንዲህ ያለ መብራት የማገኝ ከሆነ ግን እነሱን ትቼ ወደዚህ ነው የምመጣው። እዚህ አሁን ማን ነው የሚተኛው?»

ባለ ቡናማ ጃኬቱ እርሳሱን ደብተሩ ላይ አሳርፎ ጠበቀ።

የቀረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ከዚያ በሩ፣ ከዚያ ቢሮው፣ ከዚያ አልጋዬ። አፌን ከፈትኩ፤ ዓረፍተ ነገሩም ምላሴ ጫፍ ላይ ተሰልፎ ቆሞ ነበር። ያደረግኩትን ጀግንነት ነው የሚለኝ ሰው ካለ ተሳስቷል። ደክሞኝ ነበር። ለመዋሸት ጉልበት ያስፈልጋል፤ ዋሽተሽ ስትጨርሺም የዋሸሽውን ይዘሽ የምትዞሪበት ሌላ ጉልበት ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ጉልበቴን ወደ ኋላ ስሄድ ጨርሼዋለሁ።

«ማንም» አልኩ። «ማንም አይተኛበትም። ለእናንተ የተነጠፈ ነው።»

መጋረጃውን ይዛ የነበረች አንዲት እናት ቀስ ብላ ለቀቀችው፣ የሰው ዕቃ እንደነካ ሰው። ልጅቷ መብራቱን አጠፋች።

«የምንተኛው ላይ ነው» አልኩ። «ደረጃ የሚችል ይከተለኝ።»

ጀርባዬን ሰጠኋቸው። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፊት ስራመድ እግሬ የራሴ እግር መሰለኝ። በየፎቁ «ወንድ አለ፣ ወንድ አለ» እያልኩ ሦስተኛ ፎቅ አደረስኳቸው። አስራ ዘጠኙም ተከተሉኝ፤ ሰው ከነጭ አንሶላ ይልቅ ጉድ ማየት ይወዳል።

ክፍላችን ስምንት ነን፣ በአራት ተደራራቢ አልጋ። ከአልጋ ወደ አልጋ በተዘረጋ ገመድ ላይ የሬዲዮ ልብስ ይንጠባጠባል። ራሷ ሬዲዮ መሃል ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራለች። አስራ ዘጠኝ ሰው በሩን ሲሞላው አልደነገጠችም፤ ደብተሩን ስታይ ግን ዓይኗ ፈጠጠ። እሱ ነው? አለችኝ በዓይኗ። እሱ ነው፣ አልኳት በዓይኔ። ወዲያው ድምፅዋ ተለወጠ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች፣ እግሯን ሳታወጣ። «ክፍላችን እንደምታዩት አየር እንደ ልብ ያገኛል።» ከካልሲዋ አንድ ጠብታ ወርዶ የአንዱን አባት ማጅራት መታው። «ውሃም በሽ ነው።»

«ውሃ የሚመጣው በሁለት ቀን አንዴ ነው፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ጀምሮ» አልኩ። ሬዲዮ ዓይኗን ጨፈነች። «ባልዲ ይዛችሁ ኑ። ስማችሁን ጻፉበት፤ ተጽፎበትም ይጠፋል። የክፍሉ መብራት ማታ አራት ሰዓት ላይ ይጠፋል። የኮሪደሩ አይጠፋም። እኔ የማነበው እዚያ ነው፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ቀጥሎ፣ አምፖሉ ስር። አራት ነን። ቀድማ የመጣች ግድግዳውን ትደገፋለች።»

«ወንበር አለ?» አለች ልጅቷ።

«የለም። ካርቶን አለ።»

«ይበርዳል?»

«ይበርዳል።»

«ተነሺ የሚልሽ ሰውስ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ራሴን ጠይቄው አላውቅም። «የለም» አልኩ። «ተነሺ የሚልሽ የለም።»

ክፍሉን ትታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። አምፖሉ ስር ቆማ ካርቶኑን በጫማዋ ጫፍ ነካ ነካ ስታደርገው አየኋት። ምን እንደወሰነች አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት።

ባለ ቡናማ ጃኬቱ ግን መጣ። ደብተሩን ገልጦ፣ እርሳሱን አዘጋጅቶ። ሬዲዮ እግሯን ከሳፋው አወጣች።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እስከዚህ ድረስ ስንት ደረጃ ነው?»

«ሃምሳ አራት» አልኩ። «ለሪፖርቱ ነው?»

«የምን ሪፖርት? ልጄ ናት። ጉልበቷን ታማ ተኝታለች። ያየኸውን አንድም ሳታስቀር ጽፈህ አምጣልኝ ብላኝ ነው።» ደብተሩን አዞረልኝ። ጽሕፈቱ ጥንቃቄ የበዛበት ነው። ዛፍ፣ አርባ ሁለት። መጽሐፍ፣ ሰማንያ ሺህ። ከዚያ ዝቅ ብሎ፦ አስጎብኚዋ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ ምክንያቱ አልታወቀም።

«ጋሼ፣ ምድር ላይ ያሉ ክፍሎች አሉ» አልኩት። «ለታመመ ይሰጣሉ። ስትመዘገብ የሐኪም ወረቀት ታምጣ፤ ሳትጠየቅ እሷው ታሳይ፣ ማንም አይጠይቃትም።» ጻፈው። ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ስንወጣ ሬዲዮ ጆሮዬ ላይ ተለጠፈች። «እንግዲያው እሷ ናት» አለች፣ በአገጯ ወደ ግራጫ ሹራቧ እያመለከተች። «ቃል አልተነፈሰችም። እስቲ ወላጅ ሆኖ ዝም የሚል ሰው አይተሻል?»

በር ላይ ቆጠርኩ፤ አስራ ዘጠኝ። ዘበኛው ቆጠረ፤ አስራ ዘጠኝ። ግራጫ ሹራብ የለበሰችው ሴትዮ ከሁሉ ኋላ ቀርታ እጄን ጨበጠችኝ። «ግልጽ ሰው ነሽ» አለችኝ። በመንገዱ ላይ እስክትጠፋ አየኋት። ምስጋና ይሁን ፍርድ፣ ከፊቷ ላይ ላነበው አልቻልኩም፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ ፍርዱን ነው የማነሳው።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮው ስገባ አስተባባሪዋ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ጠረጴዛው ስር ዘርግታለች። ፊት ለፊቷ የጎብኚዎች አስተያየት ወረቀት ተቆልሏል። ከሁሉ በላይ ባለው ላይ ስሜን በግልባጭ አነበብኩ፤ ከስሜ በታች ያለውን ግን ክንዷ ሸፍኖታል።

«ግቢ፣ ተቀመጪ» አለች። «ስለ ሦስተኛው ዙር ሰምቻለሁ።»

በአጎቴ ቤት የተማርኩት ከደብተር የማይገኝ ነገር አለ፦ ውጪ ከመባልሽ በፊት መውጣት። ያኔ ቢያንስ በሩን የምትዘጊው አንቺ ነሽ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከሳሎን፣ ከማዕድ፣ ከጨዋታ በዚህ መንገድ ስወጣ ኖሬያለሁ። ማንም አስወጥቶኝ አያውቅም።

ሳልቀመጥ ባጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ሥራው አልተስማማኝም።»

«ምኑ?»

«ወደ ኋላ መሄዱ።»

ፈገግ ልትል ዳዳች። «እሱ ከሆነ እንኳ...»

«ሌላውም። አልጋውንም ለምትፈልገው ስጧት።»

«ስሚኝማ፣ የኔ ልጅ። ስለ አልጋው አንድ ነገር...»

«አያስፈልግም።» ባጁን ወደ እሷ ገፋሁት። «ማብራሪያ አልፈልግም። ራሷ ተወችው ተብሎ ይጻፍልኝ።»

ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያስቸግራት የዋለች ሴት ናት፤ ዓይኖቿ ስር ጠቁሯል። ሌላ ቀን ቢሆን ትገፋበት ይሆናል። «እርግጠኛ ነሽ?» ብቻ አለች።

«አንድ ነገር ሁለቴ አልልም።»

«እሺ። እንዳልሽ።» መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አንድ ወረቀት ሞላች፣ አስፈረመችኝ። ከዚያ በሩን ከፍታ፣ የሚቀር ሰው ካለ ብላ ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠችውን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ጠራቻት። ልጅቷ ባጄን በሁለት እጇ ተቀበለች። ማሰሪያው ገና ከአንገቴ እንደሞቀ ነበር።

«ነግሬሽ ነበር» አለች ሬዲዮ፣ ስነግራት። ሌላ ጊዜ ቢሆን መቶ ጊዜ ትለው ነበር። አንዴ አለችውና ከገመዱ ላይ ሁለት ካልሲ አውርዳ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝ። ገና አልደረቁም ነበር።

ለአጎቴ ሚስት ደወልኩ። «ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ፍራሼን ጠቅልዬ፣ ብርድ ልብሱን ከላይ ጭኜ ሃምሳ አራቱን ደረጃ ወረድኩ። ከዶርም የሚወጣ ሰው ዕቃውን ለዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ ለፕሮክተሯ አስረክቦ፣ ስሙን ከመዝገቧ አሰርዞ፣ ማኅተም ይዞ ነው በሩን የሚያልፈው። ፕሮክተሯ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ለብርድ ልብስ ቀዳዳ ዓይን ያላት ወፍራም ሴት ናት። ብርድ ልብሱን ወደ መስኮቱ ዘርግታ አየችው፤ ፍራሹን በእጇ ጠቅ ጠቅ አደረገችው። ቁልፌን መንጠቆው ላይ ሰቀለች።

ከዚያ መዝገቡን ገልጣ ጣቷን ወደ ታች ነዳችው። ቆመች። መልሳ ወደ ላይ ነዳችው።

«አንቺ እኮ የሚወጡት ውስጥ የለሽም» አለች።

«እወጣለሁ።»

«ቆይ እስቲ።» ሌላ ገጽ ገለጠች። «ይኸው። በእረፍቱ የሚቆዩ አስጎብኚዎች። ስድስት ናችሁ። ያንቺ ሦስተኛው ላይ ነበር፤ ትላንት ነው ተሰርዞ የሌላ ልጅ ስም የገባበት። ምን ሆነሽ ነው ልጄ፣ ሰው አልጋ አግኝቶ ይተዋል?»

«ሙከራ ነበር» አልኩ። «አላለፍኩም።»

«የምን ሙከራ?» መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። የልቅሶም የሳቅም ያልሆነ ፊት ነበራት፤ ከሌሊት ጀምሮ ፍራሽ ስትቆጥር ያደረች ሰው ፊት ነው። ከኋላዬ የተሰለፉት ፍራሻቸውን ከትከሻ ወደ ትከሻ ያዘዋውራሉ። በደረጃው ላይ ባጄን የወሰደችው ልጅ ሻንጣዋን እየጎተተች ወደ ሦስተኛ ፎቅ ስትወጣ ድምፁ ይሰማል፣ አንድ ደረጃ፣ እረፍት፣ አንድ ደረጃ።

ፕሮክተሯ መነጽሯን መልሳ አደረገች፤ መዝገቡን ወደ እኔ አዙራ ጣቷን የአስተባባሪዋ ፊርማ ላይ አሳረፈች።

«ዝርዝሩ ተፈርሞ የመጣልኝ እኮ ማክሰኞ ነው» አለች።

እኔ ያስጎበኘሁት ሐሙስ ነበር።